ለወንድሜ የተደወለው የካናዳ ስልክ

ይህን የምጽፈው እኔ መሆኔን አስቀድሜ ልናገር። ስሜ ምሕረቱ ነው። እንዲህ ብዬ መጀመሬ ቢያስገርማችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ። አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል፣ ምሕረቱ አልነበርኩም።

የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው፤ መጻፍ ልማዴ አይደለም። ነገሩ የሆነው በሁለተኛው የኮሮና ዓመት፣ ጆሃንስበርግ፣ ኮዝሞ ሲቲ በሚባለው ሰፈር ነው። ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከታላቅ ወንድሜ ከደሳለኝ ጋር አንዲት ስፓዛ ነበረችን። ስፓዛ እዚህ አገር የሰፈር ሱቅ ናት። ዳቦ፣ ስኳር፣ ሻማ፣ የስልክ ካርድ በብረት ፍርግርግ በኩል እንሸጣለን፣ ከሱቋ ጀርባ ባለችው ክፍል እንተኛለን። ደንበኞቻችን ሁለታችንንም «ማይ ፍሬንድ» ነበር የሚሉን። መለየት ሲፈልጉ እሱን ትልቁ ማይ ፍሬንድ፣ እኔን ትንሹ ማይ ፍሬንድ ይላሉ።

ደሳለኝ በሰኔ ታመመ። ሆስፒታል በገባ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ገብቼ ልጠይቀው አልተፈቀደልኝም። ለመጨረሻ ጊዜ በስልክ ሲያናግረኝ ትንፋሹ እየተቆረጠ፣ «ያ ዳቦ የሚያመጣው ሰውዬ የትናንቱን እንዳይሰጥህ፤ ጫን ጫን አድርገህ እየው» አለኝ። የመጨረሻ ቃሉ ስለ ዳቦ ነው። ሌላ ነገር ቢለኝ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ።

ስንቀብረው ጥቂት ሰዎች ነበርን፤ ተራርቀን ቆምን። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር፤ ፊቱን አላየሁም። መቃብሩ ላይ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ቆርቆሮ ተከሉ። ለቅሶ አልተቀመጥንም። ከመቃብር መልስ ሱቅ ከፈትኩ፤ ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም።

እናታችን ሆሳዕና አካባቢ ገጠር ናት። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ገና ሳይነጋጋ ቤት ድረስ ሄደው ነው የሚያረዱት። እዚህ የሆሳዕና ልጆችን ጉዳይ የሚይዙልን ጋሽ ኤርሲዶ ናቸው። እሳቸውም፣ «አሁን በበሽታው ምክንያት ሰው መሰብሰብ ከባድ ነው፤ ትንሽ እንቆይ» አሉ። ስለዚህ እናቴ ስትደውል፣ «ሆስፒታል ነው፣ እማ፤ ስልክ አያስገቡም» እላታለሁ። ከዚያ፣ «አንተ በልተሃል?» ትለኛለች።

የደሳለኝን ስልክ ሆስፒታሉ ከጫማው ጋር በላስቲክ አድርጎ ሰጠኝ። እንዴት እንደሚከፈት አውቃለሁ፤ አጠገቡ ተኝቼ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ግን ልከፍተው አልደፈርኩም። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ከፈትኩት።

ሁለት የካናዳ ኢሜይሎች ነበሩ።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ልመለስ። ሱቃችን ሁለት ጊዜ ተዘርፏል፤ አንዴ ደሳለኝን ጭንቅላቱን ፈንክተውታል። ካናዳ ያሉ የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስፖንሰር ሊሆኑን ተስማሙ። በዚያ ሰሞን የካናዳ ሕግ ተሻሽሎ ነበር። ቀድሞ ከወላጁ ጋር መሄድ የሚችለው ልጅ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በታች ከሆነ ነበር፤ አሁን ከሃያ ሁለት በታች ሆነ። እኔ ያኔ አሥራ ሰባት ነበርኩ። ወሬው በየሱቁ ተዳርሶ ነበር። ደሳለኝ ቅጹን ሲሞላ እኔን «ልጅ» በሚለው መስመር ላይ ጻፈኝ።

ውሸት ለመጻፍ ብሎ አልነበረም። እኔ ሁለት ዓመቴ ሳለ አባታችን ሞተ። ደሳለኝ አሥራ አራት ነበር። ትምህርት ቤት ሲያስገባኝ ያስመዘገበኝ «ምሕረቱ ደሳለኝ» ብሎ ነው። የሰባተኛ ክፍል ካርዴም፣ የአሥረኛ ክፍል ውጤቴም፣ እዚህ አገር ያወጣሁት ወረቀትም ምሕረቱ ደሳለኝ ነው። እኔም አባዬ እያልኩት አደግኩ። የካናዳው ባለሥልጣን ግን ፊት ለፊት አስቀምጦ ከጠየቀው በኋላ አላመነውም። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ወለደ እንዴ? ውሸት ተናግረሃል ተብሎ ፋይሉ ተዘጋ። እነዚያ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጠበቃ አቆሙለትና ጉዳዩ ካናዳ ፍርድ ቤት ደረሰ። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነበር።

አንደኛው ኢሜይል ከጠበቃው ነው። ደሳለኝ ሆስፒታል በገባ በሦስተኛው ቀን የተላከ ነው። «እንኳን ደስ አለህ» የሚለውን እኔም ማንበብ ቻልኩ። ከሥሩ ብዙ ገጽ ተያይዟል። ሁለተኛው አዲስ ነበር፦ ከካናዳ ቪዛ ቢሮ ሌላ ባለሥልጣን በመጪው ዓርብ ረፋድ ላይ፣ በወረርሽኙ ምክንያት በስልክ፣ ለአቶ ደሳለኝ ይደውላል።

የተያያዘውን ያነበበችልኝ ዶክተር ሄለን ናት። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ እዚህ ሆስፒታል ትሠራለች፣ እሑድ ከእኛ ጋር ታመልካለች። ረቡዕ ከሥራ ስትወጣ መኪናዋን ሱቃችን ፊት አቆመች፣ አራቱንም መስኮት ከፈተች።

«ሶሪ ምሕረቱ፣ ኮቪድ ዋርድ ነው የዋልኩት። ከኋላ ተቀመጥ።»

ከኋላ ተቀምጬ ጀርባዋን እያየሁ ሰማሁ።

«አሸንፏል» አለች ዝም ብላ ካነበበች በኋላ። «ዳኛዋ ውሳኔውን ሽራዋለች።»

«አመነችው ማለት ነው?»

«አመንኩት አትልም። የዳኛ ሥራ እሱ አይደለም። ባለሥልጣኑ ደሳለኝ ያስረዳውን አልመዘነም ነው የምትለው። ከጥቂት ጊዜ በፊት የካናዳ ትልቁ ፍርድ ቤት፣ የመንግሥት ሠራተኛ በሰው ሕይወት ላይ ሲወስን ሰውዬው ላነሣው ነገር መልስ የሚሆን ምክንያት መስጠት አለበት ብሎ ነበር። እሷም በዚያ ላይ ተመሥርታ ነው። ሌላ ባለሥልጣን እንደገና ይስማው አለች።»

«እኔስ? ልጅ ነው ወይስ ወንድም?»

«በሕጋቸው ልጅ ማለት የወለድከው ወይም በሕግ የወሰድከው ነው። አንተ እዚያ ውስጥ አትገባም። ግን በሰው ላይ ተደግፎ ያደገን ሰው የሚያዩበት ሌላ መንገድ አላቸው። ያንን እንኳ አላየለትም ትላለች።» ገጹን ገለጠች። «ኦ… ቃለ መጠይቁ ራሱ አለ። ጥያቄና መልሱ። ላንብብልህ ወይስ ይቅር?»

«አንብቢልኝ።»

እንግሊዝኛውን እያየች በአማርኛ ነገረችኝ።

ይህ ልጅ ልጅህ ነው? ልጄ ነው። ስትወልደው ስንት ዓመትህ ነበር? አልወለድኩትም፤ ከአንድ እናትና አባት ነን። ታዲያ ለምን በስምህ ተመዘገበ? ርእሰ መምህሩ የአባት ስም አለኝ፤ የኔን አልኩት። ለምን የአባታችሁን አላልክም? ልጆች አባት የለውም እንዳይሉት። ለካናዳ ስትጽፍስ? የተማረበትን ስም ጻፍኩ፤ ሁለት ስም እንዳይኖረው። እሱ ካልተፈቀደለት ብቻህን ትሄዳለህ?

ዶክተር ሄለን እዚህ ላይ ቆመች።

«ምን አለ?»

«መልስ የለም። ‹አመልካቹ ውሃ ጠየቀ› ነው የሚለው።»

እኔ ግን መልሱን ሰማሁት። ደሳለኝ እንባ ሲመጣበት ውሃ ይጠይቃል። ሁሌም ነው። ከአገር ሲወጣም፣ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ሳለ፣ መኪናው ሞተር አስነሥቶ እየጠበቀው፣ «እስቲ ውሃ አምጡልኝ» ብሎ ቆሞ ሙሉ ጣሳ ጠጥቷል። በዚያ ሁሉ ወረቀት ላይ ማንም ሳያውቅ ወንድሜ ያለቀሰበት ቦታ አለ። ፈረንጁ ጽፎታል፤ ምን እንደጻፈ ግን አላወቀም።

«ይህን ደሳለኝ ማንበብ ነበረበት» አለች ዶክተር ሄለን። ስለ ዓርቡ ስልክ ግን አልነገርኳትም።

የነገርኩት ለጋሽ ኤርሲዶ ነው። ሐሙስ መጡ፤ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ኢሜይሉን በጎረቤት ልጅ ሁለት ጊዜ አስነበቡት። ልጁን አሰናበቱና ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲህ ስማኝ ልጄ። ደሳለኝ ሞቷል። ወረቀቱ ግን በሕይወት አለ።»

አልገባኝም።

«ድምፃችሁ አንድ ነው። በስልክ ሃሎ ስትለኝ እኔው ራሴ እደነግጣለሁ። ፎቶውም የድሮ ነው፤ መልካችሁ ያው ነው። ነገ ሲደውሉ፣ አዎ ደሳለኝ ነኝ በላቸው። ጥያቄውን ታውቀዋለህ፣ መልሱንም ታውቀዋለህ፤ ከማን የበለጠ ታውቀዋለህ?»

«ጋሼ፣ ይሄ…»

«ወንድምህ የሞተበት ነገር ለማን ነበር? ለራሱ ነበር እንዴ? በዚህች ፍርግርግ ውስጥ ሰባት ዓመት የቆመው አንተን ሊያሻግር ነው። ደግሞ የመጀመሪያው አትሆንም። በሰው ስም የሄደ ስንት አለ! ዛሬ ቤት ሠርቶ፣ ልጅ ወልዶ…»

«እናቴስ?»

«እናትህን ከዚያ ሆነህ ትረዳለህ። መርዶው ትንሽ ይቆያል፤ አንተ እስክትገባ። መቃብሩንም ለጊዜው ተወው። ሐውልት አታሠራ፣ ስም አታስጽፍ። ቁጥሩ ይበቃል።»

ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ደሳለኝን ከድንበር ጀምሮ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው።

እሺ አልኳቸው። እሺ ያልኩት ካናዳን ፈልጌ ብቻ ቢሆን አሁን ለመናገር ይቀለኝ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ስሙን መስማት ናፍቆኝ ነበር። ከሞተ ጀምሮ ደሳለኝ ብሎ የሚጠራ ሰው ጠፍቷል። ሰዉ «ያ ነገር» ይላል፣ «የሆነው ነገር» ይላል። ነገ አንድ ሰው ደውሎ፣ «ደሳለኝ?» ይላል፤ እኔ ደግሞ አቤት እላለሁ። ሰው በናፍቆት ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ዓርብ ጠዋት ሸሚዙን ለበስኩ። በስልክ ነው፣ ማን ያየኛል? ግን ለበስኩት። ጋሽ ኤርሲዶ መጥተው የሱቁን በር ዘጉ፤ ማስካቸውን እንዳደረጉ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ስልኩ ጠራ።

«ጤና ይስጥልኝ። አስተርጓሚ ነኝ። ባለሥልጣኗ መስመር ላይ ናቸው» አለች አንዲት ሴት በአማርኛ። ከኋላዋ ሌላ ሴት በእንግሊዝኛ ተናገረች። «ከአቶ ደሳለኝ ጋር ነው የምናገረው?»

ጋሽ ኤርሲዶ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

«አዎ» አልኩ።

ደስ አለኝ። ይቅር በሉኝና ደስ አለኝ። ለአንድ ደቂቃ ሞቱ የእኔ ሆነ፣ ሕይወቴ የእሱ ሆነ።

የትውልድ ቀን ጠየቁኝ፤ የእሱን ነገርኳቸው። የእናት ስም፤ ያው ነው። ሱቁ የተዘረፈው መቼ ነው? ጭንቅላትህ ላይ የቱ ጋ ነው የተመታኸው? በእጄ የራሴን ጭንቅላት ዳሰስኩ፤ ጠባሳ የሌለበትን። «ከጆሮዬ በላይ፣ በግራ በኩል» አልኩ። ባለሥልጣኗ ረጋ ያለች ናት፤ አትቸኩልም። ሁሉንም ስትጽፍ የኮምፒውተሯ ድምፅ ይሰማኛል። ጋሽ ኤርሲዶ ከጥግ ሆነው አውራ ጣታቸውን ያሳዩኛል።

«አሁን ፍርድ ቤቱ እንደገና እንድናየው ወዳለን ነገር እንምጣ» አለች አስተርጓሚዋ። «ባለሥልጣኗ የሚሉት፣ ይህን ጥያቄ የምጠይቅህ ላጠምድህ አይደለም፤ በደንብ መስማት ስለምፈልግ ነው። ምሕረቱ ስለሚባለው ልጅ በራስህ አባባል ንገረኝ።»

ይህን አልተዘጋጀሁበትም። የወንድሜን መልሶች በቃሌ ይዣለሁ። ርእሰ መምህሩ የአባት ስም አለኝ፤ የኔን አልኩት። አልኩትም። «ልጆች አባት የለውም እንዳይሉት» ስል ገባኝ። እኔን ሊያሳድገኝ ስሙን የሰጠኝን ሰው፣ ስሙን ልወስድበት ነው። ለእኔ አባት እንዳይጠፋኝ ስሙን ሰጠኝ፤ እኔ ደግሞ በቁጥር ልተወው ነው።

በዚያች ደቂቃ በሩ ተደበደበ።

«ማይ ፍሬንድ! ትንሹ ማይ ፍሬንድ! ለምን ዘጋህ? ዳቦ!» ጎጎ ቶኮ ናት፤ የሰፈሩ አሮጊት። በየቀኑ ትመጣለች። ጋሽ ኤርሲዶ ተነሥተው በበሩ ክፍተት እጃቸውን አወናጨፉባት። «አንተን አይደለም የጠራሁት!» አለቻቸው። «ትንሹን ነው!»

«ድምፅ አለ፤ እንጠብቅ?» አለች አስተርጓሚዋ።

«ግዴለም።»

«ባለሥልጣኗ የሚጠይቁት፣ ምሕረቱ አሁን የት ነው? ከአንተ ጋር ነው? ደኅና ነው?»

«አንዴ… ውሃ ልጠጣ» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ውሃው አጠገቤ ነበር፤ አላነሣሁትም። ጋሽ ኤርሲዶ፣ «በል፣ በል» ይላሉ በዓይናቸው።

«እዚህ ነኝ» አልኩ።

«ይቅርታ፣ አልሰማሁህም?»

«ምሕረቱ እኔ ነኝ። ደሳለኝ ሞቷል። ስድስት ሳምንቱ ነው። ኮሮና ነው። ፍርዱን ሳያየው ሞተ።»

አስተርጓሚዋ በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ ዴዝ፣ ሞት የሚለው ቃል ወደ ማዶ ሲሻገር ሰማሁት። ሞቱን ጮክ ብዬ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ባለሥልጣኗ መጻፍ አቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች፤ አስተርጓሚዋ እየተከተለቻት። «በሟች ስም የቀረበ ማመልከቻ ሊቀጥል አይችልም። ፋይሉ ይዘጋል። እዚህ የማደርግልህ ነገር የለኝም፤ አዝናለሁ። የነገርከኝን ግን እጽፈዋለሁ። ወንድምህ የሰጠውን ማብራሪያ አንብቤዋለሁ። በትክክል እንድጽፍ ሙሉ ስምህን ንገረኝ።»

«ምሕረቱ ደሳለኝ።»

ከዚያ ተሰናበቱኝ። መስመሩ ከመዘጋቱ በፊት ግን አስተርጓሚዋ ፈጠን ብላ፣ «ይሄኛው የእኔ ነው፤ ነፍስ ይማር፣ ወንድሜ» አለች። እኛ ጴንጤዎች እንደዚያ አንልም። ግን ተቀበልኳት።

ጋሽ ኤርሲዶን ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ። ሳጥናቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። «ሰባት ዓመት…» አሉ። «የሰባት ዓመት ልፋት በአንድ ቃል!» ተነሡ፣ ተቀመጡ። ማስካቸውን አወለቁና ፊታቸውን ጠረጉበት። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሱ፤ ከቀብሩ ወዲህ ሲያለቅሱ ያየሁት ያኔ ነው።

«ስልኬን አምጣ» አሉኝ መጨረሻ ላይ። «ሆሳዕና ልደውል። ነገ ሲነጋ ሽማግሌዎቹ እናትህ ዘንድ ይድረሱ። በሽታም ቢኖር፣ ተራርቀው ይቁሙ።»

በሩን ስከፍት ጎጎ ቶኮ አልሄደችም ነበር። ፊቴን አየችና፣ «ኡፒ ኡቡቲ?» አለችኝ፤ ወንድምህ የት አለ ማለቷ ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ስትጠይቀኝ፣ ታሟል እላት ነበር። ነገርኳት። እጇን በፍርግርጉ አስገብታ እጄን ያዘች። «አሽ፣ ሼም፣ ማይ ፍሬንድ» አለች። ሼም እዚህ አገር ሐዘኔታ ነው። ያን ቀን ዳቦዋን ረስታ ሄደች።

ቅዳሜ እናቴ ደወለች። ድምፅዋ ሰልሎ ነበር።

«አውቄ ነበር» አለችኝ። «ደሳለኝ ሳይደውልልኝ ሳምንት አያልፈውም። ታሟል ስትለኝ ገባኝ። ብቻዬን ሳለቅስ ነው የከረምኩት፤ ዛሬ ሰው መጣልኝ።»

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ በሌላ ሰው ስም የምትኖሩ ወገኖች እንዳላችሁ አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም፤ እኔ ራሴ አሥር ደቂቃ ኖሬበታለሁ። ችግር ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ። እውነት በመናገሬም ሽልማት አላገኘሁም። እስካሁን ኮዝሞ ሲቲ ነኝ፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሰዎች ምን ማድረግ እንደምንችል እናያለን ብለው ጽፈውልኝ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። ሃያ ሁለት ዓመትም አለፈኝ፤ ያ ሕግ የሚለው ዕድሜ እኔን ትቶኝ ሄደ። አንዳንድ ቀን ይቆጨኛል። ግን እናቴ ብቻዋን ያለቀሰችበትን ስድስት ሳምንት ሳስብ፣ እሺ ብዬ ቀጥዬ ቢሆን ስንት ዓመት ሊሆን ነበር እላለሁ።

የፍርዱን ወረቀት አሳትሜ አስቀምጫለሁ። ፊቱን አይታ የማታውቅ ዳኛ የወንድሜ ቃል ሊሰማ ይገባል ብላ ጽፋለታለች፤ ያንን ማንም አይወስድበትም። ሲናፍቀኝ ጥያቄና መልሱን አወጣለሁ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ ያቺን ቦታ ግን ጣቴ ያውቃታል። አመልካቹ ውሃ ጠየቀ።

ባለፈው ወር ሐውልት አሠራሁለት። የሚቀርጸው ሰው የሶዌቶ ሰው ነው፤ ቀልደኛ ነው። ስሙን በላቲን ፊደል ጻፍኩለት። አንድ በአንድ ገለበጠውና እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ «ከሥሩ ምን ልበል?» አለኝ። «ዲር ብራዘር የሚል አለኝ፣ ዲር ፋዘር የሚልም አለኝ። ምንህ ነበር፣ ወንድምህ ወይስ አባትህ?»

ድንጋዩን አየሁት። ገና ምንም ያልተጻፈበት ቦታ ሰፊ ነበር።

«እስቲ መጀመሪያ» አልኩት፣ «ውሃ ካለህ ስጠኝ።»